ከዲጋ ያልወጣው ደብዳቤ

ጥቅምት 7፣ ሰኞ፣ ዲጋ

ሠርፀ ጻፈልኝ! አባባና እሱ ያሉበት ኪራሙ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ከወንድሜ ጋር ያለን መስመር ኢሜይል ብቻ ነው። እሱ የርዳታ ድርጅታችን እዚያ ላለው መጋዘን ኃላፊ ባይሆንና መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ያቺ የሳተላይት ዲሽ ባትኖር፣ ደኅና መሆኑን እንኳ የምሰማው ከመንገደኛ ነበር። እኔም ከነቀምቴ ቢሮ ለተፈናቃዮች ምዝገባ ወደ ዲጋ ከተላክኩ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም ነበር።

ያስጻፈው ግን ናፍቆት አይደለም። «እታለም፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ አይሱዙ ሰው ጭኖ ወደ ነቀምቴ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መቼ መኪና እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። አባባ ቀዬዬን ጥዬ አልወጣም፣ አንተም ጥለኸኝ አትወጣም ብሏል። ልውጣ ወይስ ልቅር? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። አባባም እኔን ልጅ ነህ ይለኛል እንጂ ያንቺን ቃል አይጥስም።»

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጫማ ሲገዛ እንኳ ቀለሙን እኔን ይጠይቃል። እናታችን ስታርፍ ገና ድክ ድክ የሚል ነበርና አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ወዲያው መለስኩለት፦

«ሠርፄ፣ ና። በሬዎቹ የትም አይሄዱም። አባባን ለጎረቤት አደራ ብለህ ና። ጋቢ ያዝ፤ አይሱዙው ላይ ይበርዳል።»

በሬዎቹ የትም አይሄዱም የምትለዋን አባባ ለበዓል ነቀምቴ አልመጣም ባለ ቁጥር የምላት ናት። የጋቢዋንም ነገር እንደዚሁ፤ ሠርፀ ገና አፌን ሳልከፍት ቀድሞኝ ይላታል። ሌላም ልጨምር ስል የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እትዬ ሸዋረገድ «ኧረ ራቱ ቀዘቀዘ!» ብለው ተጣሩ። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩና ላፕቶፑን ከደንኩ።

አባባን ሰላም በልልኝ እንኳ አለማለቴ ትዝ ያለኝ አሁን ስተኛ ነው። አባቴን ትተኸው ና ብዬ፣ ሳምልኝ እንኳ ሳልል! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሠርፀ ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 10፣ ሐሙስ

ስልኬን በእጄ ይዤ ዋልኩ። አንዲት እናትን የልጆቿን ስም ሁለት ጊዜ ጠየቅኳትና ታዘበችኝ። ነቀምቴ ሲገባ ይደውላል።

አልደወለም።

ጥቅምት 11፣ ዓርብ

አልደወለም። ቀርቷል ማለት ነው። አባባ አሸነፈው። ግትር ሽማግሌ! በሬዎቹን የሚወደውን ያህል እኛን ቢወደን።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ግን ተጽፏል፣ አልሰርዘውም።

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ

ኢሜይል ሞልቷል። የስብሰባ ጥሪ፣ የሪፖርት ማሳሰቢያ፣ የመኪና አጠቃቀም መመሪያ። ከሠርፀ ምንም። አኩርፎ ይሆናል። «አባባን ለጎረቤት አደራ ብለህ» ስለው፣ እንደ ዕቃ አስቀምጠው ያልኩት መስሎት ይሆናል። ሌላ ጻፍኩለት፦ «ከቀረህም ጥሩ። ብቻ ደኅና ነኝ በለኝ።»

ጥቅምት 17፣ ሐሙስ

ስለ ምዝገባ ቅጾች ነቀምቴ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምፄን ስትሰማ «ቆይ ቆይ» ብላ አሳልፋ ሰጠች። መስመሩ ላይ የመጡት አለቃችን ኦቦ ቀጀላ ራሳቸው ናቸው።

«አከም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ? ደኅና ነሽ? እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ፣ ይመስገን። ቅጾቹ...»

«ተያቸው ቅጾቹን። ምግብ ብዪ።»

ኦቦ ቀጀላ ልጄ ብለውኝ አያውቁም፤ ሪፖርት የዘገየ ዕለት ስሜንም ይረሱታል። አያይዘውም የዲጋ ቆይታዬን እስከ ኅዳር መጨረሻ አራዘሙት። ለምን ብል «ሥራው ነዋ» አሉ። ሥራው እንኳ ሊያልቅ ነው።

ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያየሁትን ባላየሁ።

ለነቀምቴ ቅጽ ልልክ የኢሜይል ፕሮግራሙን ስከፍት ከግርጌው ቀይ ጽሑፍ አየሁ፤ ወጪ ሰርቨሩ ጋ መድረስ አልተቻለም ይላል። አውትቦክስ የሚለውን ብከፍተው፣ ዲጋ ከመጣሁ ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። «ና» ያልኩትም አለ። አልሄደም። ከዚህ ክፍል አልወጣም።

ገቢው ይገባል፣ ወጪው አይወጣም። እንዴት ልጠርጥር? የሰው ደብዳቤ በየቀኑ እየደረሰኝ የኔ አይደርስም ብዬ በምን ላውቅ? ደግሞ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። እዚህ ድርጅት ከመግባቴ በፊት በሠራሁበት መዝገብ ቤት፣ ደብዳቤ ማኅተም ተመቶበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት ወጪ ሣጥን ውስጥ ከገባ በቃ፣ ሄዷል። ተላላኪያችን ታፋ ጠዋትና ከሰዓት እየመጣ ይወስደዋል። ሣጥኑን ተመልሶ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ቢያይም ታፋን እንደ መጠርጠር ነው። ነቀምቴ ቢሮም ይኸው ነው፤ ትጫኛለሽ፣ ይሄዳል። ዲጋ ላይ ታፋ እንደሌለ አላሰብኩም።

ወንድሜ ልውጣ ወይስ ልቅር ብሎ ጠይቆኝ፣ እኔ ሰኞ ማታ ራቴን በልቼ ተኛሁ። እሱ ማክሰኞም ረቡዕም መልሴን ጠበቀ። ሐሙስ አይሱዙው ሄደ። አሁን እዚያ ተቀምጦ እኅቴ ዝም አለችኝ እያለ ነው።

ለኢፋ ደወልኩ። ኢፋ የነቀምቴ ቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሳቂታ ነው፣ ችግር ስትነግረው ስቆ ነው የሚጀምረው። ዛሬ አልሳቀም።

«አንተ ከቢሮ ላክልኝ» አልኩት። «ልንገርህና ጻፈው፣ አጭር ናት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«የኪራሙ ዲሽ ተበላሽቷል» አለ በመጨረሻ። «ብልክም አይደርስም፣ ኦቦሌቲ ኮ። ያንቺን እዚያው እናስተካክለዋለን። ዲሹ ሲጠገን በራሱ ይሄዳል።»

ዲሹ ከተበላሸ ሠርፀም መጻፍ አይችልም ማለት ነው። አላኮረፈም! ደስ አለኝ። በወንድሜ ችግር ደስ ያለኝ ዛሬ ገና ነው። ደግሞ ኢፋ «አዜብ» እንጂ «እኅቴ» ብሎኝ አያውቅም፤ የዘንድሮ ሰው ሁሉ ዘመዴ ሆነ።

ጥቅምት 23፣ ረቡዕ

ኢፋ በስልክ። ፕሮግራሙን ዝጊና ክፈቺ። ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪ። ፓስዋርዱን ደግመሽ ጻፊ። የኢንተርኔት ዶንግሉን ነቅለሽ ሰኪ። ቀዩ ጽሑፍ እዚያው ነው።

«የሰርቨር ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል» አለኝ። የኦቦ ቀጀላን ፕሪንተር በአንድ እጁ ሻይ ይዞ የሚያስተካክል ሰው!

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ትናንት አንድ ነገር ገባኝ። ቀላል ነው። ላፕቶፑን ይዤ ነቀምቴ ብሄድ፣ በቢሮው መስመር ሁሉም ራሱ ይወጣል። ሚኒባስ ተሳፍሮ መሄድ ብቻ ነው። ዛሬ በጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ ስወጣ እትዬ ሸዋረገድ ደጃፉ ላይ ወገባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ዛሬስ የምሞት ነው የመሰለኝ። ጥለሽኝ አትሂጂ።»

እኚህ ሴትዮ ትናንት ጤፍ በጀርባቸው ተሸክመው ከገበያ የገቡ ናቸው። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ምሳቸውን ደኅና አድርገው በሉ። ማታ ደግሞ «ያንቺ ክፍል ይሞቃል» ብለው ፍራሻቸውን እየጎተቱ መጡ። እኔ ክፍል ውስጥ ሲተኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ተኝተዋል ስል ቀና ብለው ያዩኛል።

ሰኞ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 28፣ ሰኞ

አልሄድኩም። የተመዝጋቢው ሰልፍ ረጅም ነበር። ነገ።

ጥቅምት 30፣ ረቡዕ

ምዝገባ ላይ አንዲት ሴት መጣች፤ ከኪራሙ ወገን ነኝ አለች። «የድርጅቱን መጋዘን ታውቂዋለሽ? ዲሽ ያለበትን?» አልኳት።

«አውቃለሁ እንጂ። ያ አይሱዙ የተነሳው ከዚያ ደጃፍ አይደል? መንገድ ላይ የተ...»

አብሮኝ የሚመዘግበው ጋሩማ ከጎኔ ተነስቶ ቆመ። «ሂን ሂሚን!» አላት። ሴትዮዋ አየችኝ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ነቀምቴ የኖረ ሰው ይህን ያህል ኦሮምኛ አይጠፋውም። አትንገሪያት ነው ያላት። ምኑን? ጋሩማን ብጠይቀው «ስለ ዝውውርሽ የሚወራ ወሬ አለ፤ ገና አልጸደቀም» አለኝ። ከኪራሙ የመጣች ተፈናቃይ ስለ ዝውውሬ ከየት ሰማች ብዬ አልጠየቅኩትም። ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

አይሱዙው ላይ የሆነ ነገር ሆኖ ይሆናል። የተሳፈሩትን ይማራቸው። ሠርፀ ግን አልተሳፈረም፤ እኔ ና ሳልለው ከቤት አይወጣም። ደብዳቤዬ አለመሄዱ በጀው ማለት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔ ደግሞ ያልወጣው በጀኝ።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

ገበያ። ሁልጊዜ ሙዝ የምገዛባት ሴት ሂሳቡን አልቀበልም አለችኝ። እጄን ይዛ «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አለችኝ። እግዜር ያጽናሽ ነው። ለኢሜይል ብልሽት እንዲህ ይባላል እንዴ? ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሙዙን መንገድ ላይ ለማላውቃት ሴት ሰጠሁት።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ኔትወርክ ደኅና ስለነበር ስለ ችግሬ የሚያብራራ ገጽ ፈልጌ አነበብኩ። ለካ እንደኔ ያለ ብዙ ነው። ከቢሮው ውጭ ሆኖ በሰው መስመር ሲልኩ፣ ደብዳቤ የሚወጣበት የድሮው በር ይዘጋል፤ ማንም እየተነሳ የማይረባ መልእክት እንዳይረጭበት ነው። በሩ በቁጥር ይጠራል። የኔ ላይ 25 ተጽፏል። በእሱ ፈንታ 587 መጻፍ፣ ከዚያ በታች ያለችውን «ወጪ ሰርቨሩ ማንነትን ማረጋገጫ ይፈልጋል» የምትል ሣጥን ምልክት ማድረግ። ሌላ የለውም። አንድ ቁጥርና አንዲት ምልክት።

ይህን ኢፋ አያውቅም?

ቦታውን አገኘሁት። 25ን አጠፋሁ፣ 587 ጻፍኩ፣ ምልክቷን አደረግኩ። «እሺ» የምትለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ከዚያ «ሰርዝ» የሚለውን ተጫንኩ። 25 ተመልሶ መጣ።

ዲሹ ተበላሽቷል ተብያለሁ፣ ብልክ ምን ይጠቅማል? ደግሞ መሽቷል። ደግሞ «ና» ያልኩት ዛሬ ቢደርሰው በማይሆን ጊዜ ይነሳል። ምክንያት አላጣሁም። ፈራሁ፤ ያ ነው። ደብዳቤው እዚህ እስካለ ድረስ ሠርፀ ያልመለሰልኝ ስላልደረሰው ነው። ከሄደ በኋላ ዝም ካለስ?

ኅዳር 12፣ ሰኞ

የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን አርፍጄ ደረስኩ። እትዬ ሸዋረገድ ቀድመውኝ ሄደዋል፤ ሳይቀሰቅሱኝ። ቅጥር ግቢው ገብቼ ስሳለም ቄሱ ያረፉትን ነፍሳት ስም እየጠሩ ነበር። ወልደ ሚካኤል ሲሉ ሰማሁ።

እትዬ ሸዋረገድ ዞር ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

ወልደ ሚካኤል የሠርፀም ክርስትና ስም ነው። በሚካኤል ቀን ወልደ ሚካኤል ቢጠራ ምን ይገርማል። በየደብሩ ስንት ወልደ ሚካኤል አለ።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ስንት አለ።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ኢፋ ራሱ ከነቀምቴ መጣ። ሳይጠራ። ከሚኒባሱ ወርዶ በባጃጅ ደጃፌ ድረስ። ዳቦና ብርቱካን ይዞ መጥቷል፤ ላፕቶፕ ለመጠገን።

«እስቲ ልየው» አለ። ከፈተው። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ቀጥ ብሎ ወደዚያ ቦታ ሄደ፤ 25 ወደሚለው። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት ብዬ ልነግረው እችል ነበር። እሱም ያውቀዋል። እኔ እንደማውቅ ግን አያውቅም። ሁለታችንም ያንን 25 ቁጥር እያየን ቆየን።

«ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል» አለ። «ሌላ ቀን ዕቃ ይዤ እመጣለሁ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?» አልኩት።

ሲነሳ ዓይኑ ቀልቷል። «አባትሽ ከሰዎች ጋር በእግር ወጥቷል፤ እየመጣ ነው» አለኝ ደጃፉ ላይ። «ሰሞኑን ይደርሳል።»

«ከሠርፀ ጋር?»

«አባትሽ ይምጣ» አለ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ ወጣ። እርሻውንና በሬዎቹን ትቶ ወጣ። ለእንቅልፍ እንዲመቸው ከእትዬ ሸዋረገድ ተጨማሪ ፍራሽ ጠየቅኩ። አንድ ነው ሁለት? ብለው ሳይጠይቁኝ አንድ ሰጡኝ። እኔም ሁለት አላልኩም።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ኦቦ ቀጀላ፣ ኢፋ፣ ጋሩማ፣ ቄሱ። ከመሐላቸው አባባ። ከስቷል። ጋቢ አልለበሰም።

ያን ሐሙስ ነው። አይሱዙው ላይ ነበር።

አልችልም።

ኅዳር 29፣ ሐሙስ

ድምፄ ተዘግቷል። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ሁሉም ያውቁ ነበር። ዲጋ በሙሉ፣ ነቀምቴ በሙሉ፣ ሙዝ ሻጯ ሳትቀር። መኪናዋ ከኪራሙ ሳትርቅ ተተኮሰባት፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። እኔ ለሞተ ሰው ደኅና ነኝ በለኝ እያልኩ ስጽፍ እነሱ ራቴን ያቀርቡልኝ ነበር። ትናንት እትዬ ሸዋረገድ ላይ ጮህኩባቸው። እግርዎን ይዤ ወገብዎን ያሸሁት ለዚህ ነው? አልኳቸው።

አልተቆጡም። «ልጄ፣ አባትሽ ሳይመጣ ብነግርሽ ማን ላይ ትወድቂ ነበር?» አሉኝ። «እኔ ባዳ ነኝ። ሜዳ ላይ ትወድቂ ነበር።» አቅፈውኝ አብረን አለቀስን። ፍራሻቸው አሁንም እኔ ክፍል ነው።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። እኔ ና ሳልለው እንዴት ወጣ? ደብዳቤዬ እኮ እዚሁ ነው። በእጄ ነው ያለው። አባባ አልፈቅድም ብሎ፣ እኔ ዝም ብዬ፣ ማን ና ብሎት ነው የተሳፈረው?

ታኅሣሥ 2፣ እሑድ

ዛሬ ገባኝ።

ለቀስተኛው ተቀምጧል። አባባ ከደረሰ ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ ነው የከረመው። ዛሬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ።

«አንች ምን ታረጊ» አለኝ። «ለደግ ብለሽ ነው። እኔ አልፈረድሁብሽም፤ ማንም እንዳይፈርድብሽ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

«ረቡዕ ማታ መጣና እታለም መልሳለች አለኝ። ይችን ስልኩን አብርቶ አነበበልኝ። ና ብላለች አለኝ። በሬዎቹ የትም አይሄዱም ብላለች አለኝ። ጋቢ ያዝ ይበርዳል ብላለች ሲለኝ በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቅሁ። እሷ ናት አልሁ። ጋቢዬን አውልቄ ሰጠሁት።» ጉልበቱን በእጁ ዳበሰ። «መጨረሻ ላይ አባባን ሳምልኝ ብላለች ብሎ ጎንበስ አለና ጉልበቴን ሳመኝ። በዚያች ነው የለቀቅሁት። በእልህ የያዝሁትን ልጅ፣ በዚያች ቃል ለቀቅሁት።»

ከሴቶቹ ወገን «እሷ ናት ለካ ና ያለችው» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። «ዝም በይ» አለቻት ሌላዋ።

ኢፋ በር አጠገብ ነበር። የደብዳቤው ነገር የገባው እሱ ብቻ ነው። ተነሳ። «አባባ፣ ያ ደብዳቤ እኮ...» ብሎ ጀመረ። ለኔ ብሎ ነው፤ ከዚያ ሹክሹክታ ሊያወጣኝ። አየሁትና ራሴን ነቀነቅኩ። ቆሞ ቀረ።

አልተላከም ብል እኔ እድናለሁ። አባባ ግን? ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ጉልበቱን ሲስመው እየዋሸው እንደነበር ይሰማል። ያቺን ስሞሽ እወስድበታለሁ። ደግሞ ምኑ ነው ውሸቱ? ና ብዬዋለሁ። በሬዎቹ የትም አይሄዱም ብያለሁ። ጋቢ ያዝ ብያለሁ። ወንድሜ ያልደረሰውን ደብዳቤ ከራሱ አውጥቶ ልክ እንደጻፍኩት አነበበው፤ የረሳሁትን ሰላምታ ብቻ ጨመረልኝ።

«አዎ አባባ» አልኩት። «ና ብዬዋለሁ።»

ሳልጠብቀው አለቀሰ። ከመጣ ጀምሮ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

ለቀስተኛው ቀስ በቀስ እየሄደ ነው። ኢፋ ዛሬ ተሰናበተኝ። ሲወጣ «ቁጥሩን ልንገርሽ?» አለኝ። «አውቀዋለሁ፤ ከኅዳር ጀምሮ አውቀዋለሁ» አልኩት። ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ሄደ። «ጀባዹ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አለኝ ከባጃጁ ውስጥ። እሺ፣ እበረታለሁ።

ከሰዓት አባባ ላፕቶፑን በጣቱ አሳየኝ። «ደብዳቤሽ እዚህ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«አንብቢልኝ። ያነበበልኝ ድምፁ እየጠፋብኝ ነው።»

ከፈትኩት። አውትቦክስ ውስጥ ያለውን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሠርፄ፣ ና። በሬዎቹ የትም አይሄዱም። አባባን ለጎረቤት አደራ ብለህ ና። ጋቢ ያዝ፤ አይሱዙው ላይ ይበርዳል። እዚያ ላይ ጽሑፉ አለቀ። አባባ ግን ቀና ብሎ እየጠበቀ ነው። ዓይኖቼን ከስክሪኑ ሳልነቅል «አባባን ሳምልኝ» አልኩ።

«እህ» አለ። «ልክ ነው። እንደዚህ ነበር።»

እንቅልፍ እስኪወስደው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደብዳቤው ግርጌ ላይ «አባባን ሳምልኝ» ብዬ ጻፍኩ። 25ን አጥፍቼ 587 አደረግኩ፣ ምልክቷን አደረግኩ፣ «እሺ» አልኩ። ላክ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ኪራሙ የሚከፍተው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አውትቦክሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ እያየሁት ቆየሁ።

ሄደ።

አባባ በእንቅልፍ ልቡ ይንቀጠቀጣል። የኔን ጋቢ አለበስኩት። ነገ ገበያ ወርጄ የራሱን እገዛለታለሁ።